ለልጆች የአእምሮ ጤና ሠራተኞች ማሠልጠኛ ስለሚሰጠው የባለጸጎች ስጦታ

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ባለጸጎች ለልጆችና ለወጣቶች የአእምሮ ጤና የሚያገለግሉ ሠራተኞች እንዲሠለጥኑ ገንዘብ ሲሰጡ፥ የሠለጠነውን ሰው ደመወዝ በኋላ የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄው ለሒሳብ ሹም እንጂ ለተማሪ የሚገባ አይመስልም ይሆናል። ነገር ግን ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለውን የዚህን ዓይነት ስጦታ ታሪክ ስናነብ፥ የሥራው ፍሬ ለየትኛው ልጅ እንደ ደረሰና ለየትኛው እንዳልደረሰ የወሰነው ይኸው ጥያቄ ሆኖ አግኝተነዋል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ለምርመራው ምክንያት የሆነን በአሜሪካን አገር በኦሬገን ስቴት የተደረገው ትልቅ ስጦታ ነው። የማይክሮሶፍት ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ሚስተር ስቲቭ ባልመርና ባለቤታቸው ኮኒ ባልመር በ2022 በማርች ወር ለኦሬገን ዩኒቨርሲቲ ከ425 ሚሊዮን ዶላር የሚበልጥ ገንዘብ ሰጡ። ባለቤታቸው የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበሩ። በገንዘቡም የልጆችን የጠባይና የአእምሮ ጤና የሚመለከት ተቋም በፖርትላንድ ከተማ ተመሠረተ፤ ቦታው በ2020 የተዘጋው የኮንኮርዲያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የነበረው ነው። ከስጦታው 100 ሚሊዮን ዶላር ያህሉ ዋናው ሳይነካ ከሚያስገኘው ትርፍ ብቻ ለተማሪዎች የትምህርት ድጎማ እንዲውል ተመደበ። ተቋሙም ከዚያ በፊት ያልነበረ አንድ የባችለር ዲግሪ አቋቋመ፤ ዲግሪውን የሚይዙት ሰዎች በትምህርት ቤትና በጤና ጣቢያ ተቀምጠው፥ የልጆችን ጭንቀትና ትካዜ ገና ሲጀምር እንዲያዩና እንዲረዱ የሚሠለጥኑ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች በ2023 ትምህርት ጀመሩ፤ በ2025ም ተመረቁ።

የስጦታውን ሐሳብ ለመንቀፍ አንነሣም። በዚያ አገር ልማድ አንድ ሰው ብቻውን የአእምሮ ሕመምተኛ ለማከም ቢያንስ የማስተርስ ዲግሪና የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ይህም ብዙ ዓመትና ብዙ ዕዳ ነው። ልጅ ግን ሁልጊዜ የሚያስፈልገው ትልቅ ሐኪም አይደለም። እንቅልፍ ያጣ፥ ከክፍል የሚሸሽ፥ በድንገት ዝም ያለ ልጅ መጀመሪያ የሚፈልገው በቅርቡ ያለ፥ የሚያዳምጠው፥ ነገሩ ሲከፋም ወደ ማን እንደሚልከው የሚያውቅ ሰው ነው። ለዚህ ሥራ የአራት ዓመት ትምህርት ይበቃል ማለት አስተዋይነት ነው፤ ይህንን ለማለት የደፈረውም የመንግሥት ሹም ሳይሆን የግለሰብ ገንዘብ መሆኑን መካድ አይገባንም።

ችግሩ የሌለ ነገር እንዳልሆነም የታወቀ ነው። በ2021 በኦክቶበር ወር የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ፥ የልጆችና የወጣቶች የአእምሮ ሐኪሞች አካዳሚና የሕፃናት ሆስፒታሎች ማኅበር በአንድነት ሆነው የልጆች የአእምሮ ጤና በአገራቸው አስቸኳይ አደጋ ላይ መውደቁን አስታወቁ። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆኑት ወጣቶች ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ችግር አለበት። ይኸው ድርጅት በ2021 ባወጣው መግለጫ በሀብታም አገሮች ለ100,000 ሰው ከ60 በላይ የአእምሮ ጤና ሠራተኞች ሲኖሩ፥ በድኾቹ አገሮች ግን ከ2 በታች መሆናቸውን አሳይቷል። እንግዲህ ኦሬገን ጐደለኝ የምትለው እኛ ካለን ሁሉ እጅግ የሚበልጥ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ይሁን እንጂ ትችታችን ከዚህ ይጀምራል። ተቋሙ ማስተማር ይችላል፤ መቅጠር ግን አይችልም። ተመራቂው የሚቀጠረው በትምህርት ቤት ከሆነ ደመወዙ ከሕዝብ ግብር ይመጣል፤ በክሊኒክ ከሆነ ደግሞ ከኢንሹራንስ ኩባንያ ወይም ሜዲኬይድ ከሚባለው የድኾች የሕክምና መክፈያ ይመጣል። ከፋዩም የሚከፍለው የሙያውን ስም በመዝገቡ ውስጥ ካገኘው ነው። ስለዚህ 425 ሚሊዮኑ ዶላር የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን፥ በመጨረሻው ሰዓት የአንድ ተመራቂ እንጀራ ያለው በሌላ ሰው እጅ ነው፤ ያ ሌላ ሰው ደግሞ በስጦታው ቀን ፊርማውን ያኖረ ሰው አይደለም።

ይህ የተማሪ ሥጋት ብቻ እንዳይመስል ከዚያ ወዲህ የሆነውን እንመልከት። በ2022 በሜይ ወር በቴክሳስ ስቴት በዩቫልዴ ከተማ በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 19 ልጆችና 2 መምህራን በጥይት ከተገደሉ በኋላ፥ የአሜሪካ ምክር ቤት በጁን ወር ባወጣው ሕግ ትምህርት ቤቶች የሥነ ልቡና ባለሙያዎችንና አማካሪዎችን እንዲቀጥሩና እንዲያሠለጥኑ 1 ቢሊዮን ዶላር መደበ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፥ በ2025 በኤፕሪል መጨረሻ፥ የትምህርት ሚኒስቴሩ ከዚሁ ገንዘብ የቀረውን ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ድጎማ እንደማይቀጥል ለተቀባዮቹ ጻፈ። ብዙ ስቴቶችም ተሰብስበው ሚኒስቴሩን በፍርድ ቤት ከሰሱ። የኦሬገን ተቋም የመጀመሪያዎቹ ምሩቃን ቆባቸውን የደፉት ደብዳቤው ከወጣ በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ ነው። ተማሪዎቹ ለልምምድ የሚሄዱበት የፖርትላንድ ከተማ የትምህርት ቤቶች አስተዳደርም በእነዚያው ዓመታት በጀቱን ለመቀነስ የተገደደ ነበር። ስጦታው ምንጭ ቆፈረ፤ ውሃው የሚሄድበትን ቦይ ግን ሌላ ሰው ይደፍነዋል ወይም ይከፍተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «ጊዜው ክፉ ሆነ እንጂ ስጦታው ምን አደረገ?» ሊል ይችላል። መልሳችን የጊዜ ክፋት ብቻ አለመሆኑን ነው፤ ነገሩ ከዚህ በፊትም ሆኖ ያውቃልና። ስለዚህ ወደ ኋላ መቶ ዓመት ተመልሰን የዚህን ሙያ አጀማመር ማየት ግድ ይሆንብናል።

በቺካጎ ከተማ በ1909 ኤቴል ስተርጂስ ደመር የተባሉ ባለጸጋ ሴት፥ በልጆች ፍርድ ቤት የሚቀርቡትን ልጆች አእምሮና ኑሮ የሚመረምር ተቋም እንዲቆም ገንዘብ ሰጡ፤ ሥራውንም ዶክተር ዊልያም ሂሊ ያዙ። ሴትዮዋ ለመስጠት የተስማሙት ለአምስት ዓመት ብቻ ነበር። አምስቱ ዓመት ሲፈጸም በ1914 የኩክ አውራጃ አስተዳደር ወጪውን ተረከበ፤ በ1917ም የኢሊኖይ ስቴት መንግሥት ራሱ ወሰደው። ይህንን ምሳሌ አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ከገንዘቡ ትንሽነት ይልቅ ስጦታው የሚያልቅበት ቀን አስቀድሞ የታወቀ መሆኑ የሚደነቅ ነው።

ከዚህ በኋላ የመጣው እጅግ ሰፊ ነው። የስታንዳርድ ኦይል ኩባንያ ባለ አክሲዮን የነበሩት የስቴፈን ሃርክነስ ባለቤት አና ሃርክነስ በ1918 በኒው ዮርክ ኮመንዌልዝ ፈንድ የተባለውን ድርጅት አቋቁመው ነበር። ይህ ድርጅት ከ1922 ጀምሮ የልጆችን ወንጀል ለመከላከል በሚል ዓላማ፥ በሴንት ሉዊስ፥ በዳላስ፥ በሎስ አንጀለስ፥ በክሊቭላንድ፥ በፊላዴልፊያና በሌሎችም ቦታዎች የልጆች ምክር ክሊኒኮች እንዲከፈቱ ገንዘብ አወጣ። በየክሊኒኩ አንድ የአእምሮ ሐኪም፥ አንድ የሥነ ልቡና ባለሙያና በአእምሮ ሕክምና የሠለጠኑ የማኅበራዊ ኑሮ ሠራተኞች አብረው እንዲሠሩ ተደረገ። ሐኪሙ ልጁን ያነጋግራል፤ ባለሙያው የማስተዋል ችሎታውን ይለካል፤ ሠራተኛዋ (ብዙውን ጊዜ ሴት ነበረች) ከእናቱ ጋር ትነጋገራለች፥ ቤቱንም ሄዳ ታያለች። ዛሬ እኛ በትምህርት ክፍላችን «የባለሙያዎች ቡድን» እየተባለ እንደ አዲስ ነገር የምንማረው ይህንኑ ነው። ድርጅቱ ክሊኒክ ከመክፈት ጋር ሠራተኞችንም አሠለጠነ፤ በኒው ዮርክ ለማሠልጠኛ የሚሆን ትልቅ የልጆች ምክር ተቋም ከ1927 ጀምሮ በገንዘቡ አቆመ።

የድርጅቱ ደንብ «እኛ እናሳያለን፥ አገሬው ይቀጥላል» የሚል ዓይነት ነበር። ክሊኒኩ ለጥቂት ጊዜ በድርጅቱ ወጪ ይሠራል፤ ከተማው ጥቅሙን አይቶ ይረከበዋል ተብሎ ይታሰባል። ነገር ግን ከተማ ሲባል ማን ነው? በአንዱ ቦታ ማዘጋጃ ቤት፥ በሌላው የበጎ አድራጎት ማኅበር፥ በሌላውም ከወላጆች የሚሰበሰብ ክፍያ ሆነ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተጣመመው። ስለዚህ ዘመን ሰፊ ጥናት ያደረጉት የታሪክ ጸሐፊዎች ማርጎ ሆርንና ካትሊን ጆንስ እንዳሳዩት፥ በወንጀል ለሚከሰሱ የድኾች ልጆች ተብለው የተከፈቱት ክሊኒኮች እያደር የመካከለኛው መደብ ልጆች መታከሚያ ሆኑ። ፍርድ ቤት የሚልከው ልጅ እየቀነሰ፥ እናቱ እጁን ይዛ የምታመጣው ጥፍሩን የሚበላ ወይም እኅቱን የሚቀና ልጅ እየበዛ ሄደ።

ይህ ለምን ሆነ? አንዱ ምክንያት የሙያው ጠባይ ነው፤ በንግግር የሚታከም ሰው መናገር የሚወድና በቀጠሮ የሚመጣ መሆን አለበት፤ የሰርቆ አደር ልጅ እናት ግን በቀን ሥራ ላይ ናት። የእናቶች ነገር ከተነሣ፥ በዚያ ጊዜ ለልጅ ችግር ሁሉ እናትን መውቀስ እንደ ሳይንስ ተቈጥሮ እንደ ነበረ በዚሁ አጋጣሚ እናስታውሳለን፤ ዛሬም አልጠፋም። ሁለተኛውና በኛ ግምት የከበደው ምክንያት ግን የገንዘቡ ነው። የሕዝብ ደመወዝ የሌለው ሠራተኛ የሚከፍለው ወዳለበት ይሄዳል። በዚህ ማንንም አንወቅስም፤ ሠራተኛውም የሚያሳድገው ልጅ አለው። ነገር ግን ለድኻው ልጅ ተብሎ የተሰጠው ገንዘብ ያሠለጠነው ሰው በሃያ ዓመት ውስጥ በሀብታሙ ልጅ ፊት ተቀምጦ ሲገኝ፥ ስጦታው ስቷል ማለት ይገባናል። የኒው ዮርኩም ማሠልጠኛ ድርጅቱ እጁን ሲሰበስብ በ1933 ተዘጋ።

ይኸው ድርጅት በእንግሊዝ አገር ያደረገው በሌላ መንገድ ሄዷል፤ ለንጽጽር እጅግ ይጠቅመናል። በ1929 በኮመንዌልዝ ፈንድ ገንዘብ የለንደን የልጆች ምክር ክሊኒክ በኢዝሊንግተን ሰፈር ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት የለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ለማኅበራዊ ኑሮ ሠራተኞች የአእምሮ ጤና ኮርስ ጀመረ። ኋላ በእናትና በልጅ ፍቅር ጥናቱ ስሙ የተጠራው ጆን ቦልቢ በዚህ ክሊኒክ ሠርቷል፤ በ1944 ስለ 44 ሌቦች ልጆች ያወጣው ጥናትም ከዚያ የተገኘ ነው። በዚያው በ1944 አዲሱ የትምህርት ሕግ ወጣ፤ የየአውራጃው የትምህርት ባለሥልጣኖችም ጠባያቸው የታወከ ተማሪዎችን የመርዳት ግዴታ ተጣለባቸው፤ ክሊኒኮቹም ከዚያ ወዲያ በአብዛኛው በሕዝብ በጀት ገቡ። የአሜሪካው ባለጸጋ ገንዘብ በባዕድ አገር ከራሱ አገር ይልቅ የጸና ሥር ያገኘው፥ ደመወዙን የሚከፍል ሕግ ስላገኘ ነው። እርግጥ ሕጉን ያመጣው ስጦታው አይደለም፤ የጦርነቱ ጊዜና የሕዝቡ ፈቃድ ነው። ነገር ግን ሕጉ ሲመጣ የሠለጠነ ሰው ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበር፤ ይህንን ለስጦታው ልናመሰግንለት ይገባል።

ከዚህ የሚነሣ አንድ ብርቱ መቃወሚያ አለ፤ እሱንም ሳንሸሽ እንመልከተው። ባለጸጋው «ደመወዝ መክፈል የመንግሥት ሥራ ነው፤ እኔ ከከፈልሁ መንግሥት ይተወዋል» ሊል ይችላል። እውነት ነው። ለአንድ መቶ አማካሪዎች ደመወዝ የሚከፍል በጎ አድራጊ፥ በማግሥቱ መንግሥት መቶ ቦታ ሲሰርዝ ሊያይ ይችላል። ስለዚህ ባለጸጋው ለዘላለም ይክፈል አንልም። የምንለው ሌላ ነው፤ የማሠልጠኛው ገንዘብ ከመሰጠቱ በፊት ቀጣሪው በጠረጴዛው ዙሪያ ይቀመጥ፤ ስንት ቦታ፥ በየትኛው ትምህርት ቤት፥ ከስንተኛው ዓመት ጀምሮ በራሱ በጀት እንደሚይዝ ይጻፍ። የቺካጎዋ ሴት ስጦታ ይህን ያህል በወረቀት የሰፈረ ስምምነት ባይኖረውም ቀኑን አስታውቆ ነበር። 425 ሚሊዮን ዶላር የሚሰጥ ሰው አንድ አገረ ገዢና አንድ ምክር ቤት ለማነጋገር የሚያስችል ድምፅ አለው። ሕንፃ ከማስመረቅ ይልቅ ይህንን ድምፅ ቢያወጣው ለልጆቹ የበለጠ ይጠቅማል ብለን እናምናለን፤ ሕንፃ ግን ስም ይሸከማል፥ የደመወዝ መዝገብ ስም አይሸከምም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ በውጭ ርዳታ የአእምሮ ጤና ሠራተኛ ማሠልጠን ለኛም እንግዳ አይደለም። በ1987 በዓለም የጤና ድርጅት ርዳታ በአማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና ተጀመረ። ነርሶቹ ሲመረቁ በየክፍለ አገሩ ሆስፒታሎች ተመድበው የአእምሮ ሕክምና ክፍል እንዲከፍቱ ይደረግ ነበር፤ ደመወዛቸውም የመንግሥት ነበር። ደመወዙ ትንሽ፥ መድኃኒቱም ብዙ ጊዜ የሚጠፋ ቢሆንም፥ ወንበሩ ሰውየውን ቀድሞ ይጠብቀው ነበር። በ2003 ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተስማምቶ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ። የቶሮንቶ መምህራን በዓመት ሦስት ጊዜ፥ በየጊዜው ለአንድ ወር ያህል እየመጡ ያስተምሩ ነበር። ከዚያ በፊት ሐኪሞቻችን ለዚህ ትምህርት ባሕር ይሻገሩ ነበር፤ የተሻገረ ሁሉ አልተመለሰም። በዚህ ስምምነት ቶሮንቶ የሰጠው ሕንፃ ሳይሆን የመምህራኑን ጊዜ ነው፤ ተማሪው በአገሩ ሆስፒታል፥ በአገሩ ቋንቋ፥ በአገሩ መንግሥት ደመወዝ ሠለጠነ። ገንዘቡ ከኦሬገኑ ጋር አይነጻጸርም፤ አያያዙ ግን ይሻላል።

ነገር ግን ራሳችንን ለማመስገን አንቸኩል። የሠለጠኑት ነርሶችና ሐኪሞች በአብዛኛው የተዘጋጁት ለአዋቂዎችና ለከባድ ሕመም ነው። ሕዝባችን በብዛት ልጅና ወጣት ሆኖ ሳለ፥ ለልጆች አእምሮ በተለይ የሠለጠነ ሰው እጅግ ጥቂት ነው። በዚህ ባዶ ቦታ የሚገቡት ዛሬ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ናቸው፤ የሚገቡትም በፕሮጀክት ነው። ከኛ አስቀድሞ በሥነ ልቡና ትምህርት የተመረቀ አንድ ወዳጃችን በእንዲህ ያለ ፕሮጀክት በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማካሪ ሆኖ ተቀጥሮ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ወደ ክፍሉ የሚመጣ ተማሪ አልነበረም፤ «የእብድ ቢሮ» ይሉት ነበር። በሁለተኛው ዓመት ግን በዕረፍት ሰዓት በሩ ላይ ይሰለፉ ጀመር። ዘመኑ ሲያልቅ ገንዘቡም አለቀ። ርእሰ መምህሩ በደብዳቤ አመሰገኑት፤ ክፍሉም የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ ሆነ። ወዳጃችን አሁን በባንክ ቤት ይሠራል። ሲያጫውተን «ያናደደኝ ሥራ ማጣቴ አይደለም፤ ነገራቸውን ጀምረው ያልጨረሱልኝ ሦስት ልጆች ነበሩ» አለን። የሰው ወርቅ አያደምቅም የሚለውን ተረት ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል፤ ወርቁ ሲመለስ ምን እንደሚሆን ግን ያየነው ያን ጊዜ ነው።

ይህንን የምንጽፈው እኛም ከጥቂት ጊዜ በኋላ በዚሁ በር የምናልፍ ስለ ሆንን ነው። ከመካከላችን አንዳንዱ ለእንደዚህ ያለ ሥልጠና የድጎማ ደብዳቤ በእጁ ይዟል። አትቀበሉ አንልም። ነገር ግን ከመፈረም በፊት መጠየቅ የሚገባውን ጥያቄ የሚያስተምረን ኮርስ የለም፤ ስለ ሕክምናው ዘዴ ግን ሦስት ኮርስ አለ።

ለትምህርት ክፍላችን አንድ የጥናት ሐሳብ ብናቀርብ ድፍረት አይሁንብን። የኦሬገን ተቋም የመጀመሪያ ምሩቃን የወጡት በ2025 ነው። አምስት ዓመት ቢቈጠር 2030 ይሆናል። በዚያን ጊዜ ከነሱ ስንቱ በትምህርት ቤት እንዳለ፥ ስንቱ በግል ክሊኒክ እንዳለ፥ ስንቱ ሙያውን እንደ ተወና የቀሩትን ደመወዝ የሚፈርመው ማን እንደ ሆነ ማወቅ ከባድ አይሆንም። በአገራችንም ከአማኑኤል ከወጡት ነርሶች ጀምሮ ተመሳሳይ ቈጠራ ማድረግ ይቻላል፤ ምናልባትም ይቀላል፤ ብዙዎቹ በሕይወት አሉና፤ አንዳንዶቹም ዛሬ በዚያው በመጀመሪያ በተመደቡበት ሆስፒታል ይገኙ ይሆናል። ሥራውን ለመጀመር የሚፈልግ ተማሪ ካለ፥ እኛ በበኩላችን የመጠይቁን ረቂቅ አዘጋጅተናል።